ፋብሪካ የሌለበት ገጠር ላይ የፋብሪካ ብናኝ ከየት ይመጣል? ስለ ሰልፌት፣ ከጎንደር

ስልክ ላይ የአየር ጥራት ማየት የለመዱ ልጆች እየበዙ ነው፣ ጎንደር ወይ ደባርቅ ብለው ይከፍቱና ቁጥሩ ቢጫ ሆኖ ሲያገኙት የሚመጣው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፣ እኛ ጋ ምን ፋብሪካ አለና ነው አየሩ ተበከለ የሚባለው? ደምቢያ ሜዳ ላይ ወይ ወገራ ደጋ ላይ ለሚኖር ሰውማ ጭራሽ አይዋጥለትም፣ ንጹህ አየር ከኛ ሌላ የት አለ ይላል። እውነቱን ነው፣ ዙሪያውን ቢያይ የሚያየው ከብት፣ ጤፍና ባህር ዛፍ ነው። ግን አየር ላይ ከሚንሳፈፉት ብናኞች አንዱ ሰልፌት የሚባለው ነው፣ እሱ ደሞ በአብዛኛው የሚሠራው ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ፣ ሰማይ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከተማና ገጠር፣ ድንበርና ክልል ብሎ አይለይም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ነገሩ ከጤናም አልፎ ከዝናባችን ጋ ይነካካል።

ከስሩ እንጀምር። ሰልፈር ያው ዲን የምንለው ነገር ነው፣ ክብሪት ስትጭሩ አፍንጫችሁን ጠቅ የሚያደርገው ሽታ ሰልፈሩ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ነው። ድንጋይ ከሰል ውስጥ አለ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ አለ፣ በደንብ ያልተጣራ ናፍጣ ውስጥ አለ፣ መዳብና ኒኬል የሚነጠርባቸው ማዕድኖች ውስጥ አለ፣ እሳተ ገሞራ ደሞ ከመሬት ሆድ ይዞት ይወጣል። ይሄ ሁሉ ሲቃጠል ወይ ሲቀልጥ ሰልፈሩ ከኦክስጅን ጋ ተጣምሮ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናል። እዚህ ድረስ ብናኝ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ጋዝ ነው፣ በዓይን የማይታይ ጋዝ፣ አጠገቡ ከሆናችሁ ግን ጉሮሮ የሚከረክር፣ አስም ያለበትን ሰው ደሞ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጥር።

ዋናው ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጋዙ ነፋስ ይዞት ሲሄድ አንድ ወይ ሁለት ቀን ገደማ ጋዝ እንደሆነ ይቆያል፣ በዚህ መሀል የፀሐይ ብርሃን አየር ውስጥ የሚፈጥራቸው ሃይድሮክሲል የሚባሉ በጣም ንቁ ቅንጣቶች ያገኙትና ቀስ በቀስ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀይሩታል፣ አዎ ያው ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው አሲድ። ደመና ካገኘ ደሞ ነገሩ ይፈጥናል፣ ጋዙ የደመናው ጠብታ ውስጥ ይሟሟና እዚያ ካለው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋ፣ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ከሚታጠብበት ፈሳሽ ጋ አንድ ነው፣ ተገናኝቶ ቶሎ ሰልፌት ይሆናል፣ ደመናው ሳይዘንብ ከተነነ የሚቀረው ደረቅ ብናኝ ነው። ሊጡ አንድ አገር ተቦክቶ እንጀራው ሌላ አገር እንደሚጋገር በሉት፣ ጭስ ማውጫው የሚያወጣው ሊጡን ነው፣ ምጣዱ ሰማዩ ነው፣ እንጀራው የሚወርደው ደሞ ሊጡን አይቶት የማያውቅ ሰው ቤት ነው።

አሲዱ ብቻውን ብዙ አይቆይም፣ አሞኒያ ይፈልጋል። አሞኒያ ደሞ የሚወጣው ከከብት ሽንትና እበት፣ ማሳ ላይ ከተበተነ ዩሪያ ነው፣ ማለትም በብዛት ከገጠር። ሁለቱ ሲገናኙ አሞኒየም ሰልፌት የሚባል ጨው ይሆናሉ፣ ገጠር አየር ላይ የሚገኘው ሰልፌት በአብዛኛው እሱ ነው። ይሄን ስል ገበሬው ጥፋተኛ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፣ አሞኒያ ባይኖር እንኳ አሲዱ እንደ ብናኝ ሆኖ መቀመጡ አይቀርም፣ የበለጠ የሚበላ አሲድ ሆኖ ይቀራል እንጂ። ዋናው ሰልፈሩ ነው።

መጠኑስ? ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ይሆናል፣ እንግዲህ አስቡት። ይሄ መጠን ሦስት ነገር ያመጣል። በጣም ትንሽ ስለሆነ በራሱ ክብደት ወደ መሬት አይወርድም፣ በጣም የደቀቀ ስላልሆነም ቶሎ እርስ በርሱ ተጣብቆ አይጠፋም፣ ስለዚህ ዝናብ ካላጠበው ለቀናት፣ እስከ ሳምንት አየር ላይ ይቆያል፣ ሳምንት ማለት ነፋስ ላለው ነገር ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሁለተኛ ሳንባ ውስጥ እስከ መጨረሻዎቹ ትንንሽ ከረጢቶች ድረስ ይገባል፣ አፍንጫ ፀጉር አያስቀረውም። ሦስተኛ ደሞ መጠኑ ከሚታየው ብርሃን ሞገድ ጋ ስለሚቀራረብ ብርሃን በመበተን የሚያክለው የለም፣ ሩቅ ተራራ የሚሸፍነው ነጣ ያለ ግርዶሽ በብዙ አገር የሱ ሥራ ነው። እርጥበት 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ ደሞ ውሃ ስቦ ይሟሟና ያብጣል፣ ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የሚብሰው።

አሁን ወደ ገጠሩ ጉዳይ። ጥቀርሻና የመኪና ጭስ ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ስትሉ ይቀንሳል፣ አቧራም ከባዱ ቶሎ ይወርዳል፣ ሰልፌት ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስፋት ላይ እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይዘረጋል፣ ከተማው መሀል የሚለካውና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ወጥቶ እርሻ ላይ የሚለካው ብዙ ላይለያይ ይችላል። ይሄን ዓለም የተማረው በመከራ ነው። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ወይ በኛ አቆጣጠር ካላልኩ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የከሰል ጭስና ጉም ለአምስት ቀን ከተማዋ ላይ ተኝቶ በመጀመሪያው ግምት ብቻ ወደ 4,000 ሰው ገደለ፣ በኋላ የተሠሩ ግምቶች እስከ 12,000 ያደርሱታል። ከዚያ በኋላ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ ጭስ ማውጫዎችን ማስረዘም ነበር፣ የኃይል ማመንጫዎቹን ከከተማ ማራቅና ማማቸውን ወደ ሰማይ መስደድ። ከተማው እውነትም ቀለለው። ግን ጋዙ ከፍ ብሎ ሲወጣ ብናኝ ለመሆን በቂ ጊዜና መንገድ አገኘ፣ ሄዶ ስዊድንና ኖርዌይ ላይ አሲድ ዝናብ ሆኖ ወረደ፣ ፋብሪካ ያላዩ የጫካ ሐይቆች ዓሣቸው አለቀ። ስቫንተ ኦዴን የሚባለው ስዊድናዊ ሳይንቲስት በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ይሄ አሲድ ከብሪታኒያና ከመሀል አውሮፓ ነው የሚመጣው ብሎ በይፋ ሲናገር ትልቅ ክርክር ተነሳ፣ በ1979 ጄኔቭ ላይ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት የተፈረመው፣ በ1985 ደሞ ሄልሲንኪ ላይ ሰልፈርን በ30 በመቶ ለመቀነስ የተስማሙት የዚያ ክርክር ውጤት ነው።

አሜሪካም ያው ነው። በምሥራቁ በኩል ያሉት ብሔራዊ ፓርኮች፣ ሰው ተራራ ሊያይ የሚሄድባቸው፣ ተራራው መታየት አቆመ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፓርኮቹ ውስጥና ገጠሩ ላይ ማጣሪያ ወረቀት ተክለው መለካት ሲጀምሩ ምሥራቁ ላይ የግርዶሹ ትልቁ ድርሻ ሰልፌት ሆኖ ተገኘ፣ ምንጩም በአብዛኛው ሩቅ ያሉ የከሰል ማመንጫዎች። ዛሬ የአሜሪካ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ1970 ጋ ሲነጻጸር ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል፣ ያደረገው ሕግና ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠም ማጠቢያ ነው። ማጠቢያው ረቂቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ጭሱን በኖራ ድንጋይ ዱቄትና ውሃ ውስጥ ማሳለፍ ነው፣ ሰልፈሩ ከኖራው ጋ ተጣብቆ ጄሶ ይሆናል፣ ጄሶውን ለግንባታ ይሸጡታል። ቻይና ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ይሄንኑ በስፋት ገጥማ ልቀቷን በጣም ቀንሳለች፣ አሁን ከሰው ሥራ በሚወጣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቀዳሚዋ ሕንድ ናት።

እኛ ጋስ? ሰሜን ተራራ ላይ የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ከገደሉ አፋፍ እስከ ቆላው ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ግን ያው ቦታ ቆማችሁ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ያ ሁሉ ሰልፌት ነው ማለት ግን ስህተት ነው፣ እኛ ጋ የበጋው ግርዶሽ ሦስት ነገር ተደባልቆበት ነው። አንዱ አቧራ ነው፣ ከሱዳን በኩል የሚመጣውም የራሳችን የታረሰ መሬትም፣ ሰማዩን ቡና ቡና ወይ ቢጫ ያደርገዋል፣ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ጭስ ነው፣ መተማና ቋራ በኩል ሣርና ገለባ ሲቃጠል፣ ከየቤቱም ምድጃ፣ ይሸታል፣ ጠቆር ይላል። ሰልፌት ነጣ ያለ ነው፣ አይሸትም፣ ልብስ ላይ አይታይም። ቀለሙን አይቶ መገመት ይቻላል እንጂ በዓይን ብቻ ቆርጦ መናገር ግን አይቻልም፣ ሦስቱ ሁሌም አብረው ናቸው።

ምንጩን ብንፈልግ የራሳችን ድርሻ ከብዙ አገር ያነሰ ነው፣ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ የከሰል ማመንጫ የለብንም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ባዶ አይደለንም። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ድንጋይ ከሰል ያቃጥላሉ፣ መብራት ሲጠፋ የሚጮኸው ጀነሬተር አለ፣ ወደ መተማ የሚወርደውና የሚወጣው ከባድ መኪና አለ፣ እነዚህ ሁለቱ የሚያቃጥሉት ናፍጣ ነው። ናፍጣ ሁሉ እኩል አይደለም፣ አውሮፓ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ10 በላይ ሰልፈር ያለው ናፍጣ ለመኪና አይሸጥም፣ አፍሪካ ውስጥ ግን ብዙ አገሮች ለዓመታት በሺህ የሚቆጠር ሲፈቅዱ ኖረዋል። እና ደሞ ጎማ። የመኪና ጎማ ሲሠራ ሰልፈር ይገባበታል፣ ላስቲኩን የሚያጠነክረው እሱ ነው፣ ስለዚህ አንድ ጎማ ሲቃጠል የሰልፈር ጋዙም ጥቁሩ ጭስም ሌላውም መርዝ አብሮ ይወጣል። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ስናቃጥል ጎማና ፕላስቲኩን ለይተን ብናስቀር ምን ነበረበት፣ በዚያ ላይ ኅዳር ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት፣ ቀዝቃዛው አየር ተራራ በከበባት ከተማ ላይ ከታች ተኝቶ ጭሱን የሚያፍንበት ወር ነው።

ከውጭ የሚመጣው ደሞ አለ። በበጋ ወራት ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረብ ምድርና ከቀይ ባህር በኩል ነው የሚነፍሰው። በዚያ አቅጣጫ የባህረ ሰላጤው ነዳጅ ማጣሪያዎች አሉ፣ ሳውዲ ቀይ ባህር ዳር ላይ ከባድ ዘይት የሚያቃጥሉ ማመንጫዎች አሉ፣ ሳተላይት ከላይ ሲያይ የሰልፈር ጋዛቸው ጎልቶ ይታያል። ቀይ ባህር ላይ የሚመላለሱት መርከቦችም አሉ፣ እነሱ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ 3.5 በመቶ ሰልፈር ያለው ነዳጅ ማቃጠል ይፈቀድላቸው ነበር፣ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል። ብናኙ እስከ ሳምንት አየር ላይ እንደሚቆይ አስታውሱና ከቀይ ባህር እስከ ጎንደር ያለውን ርቀት አስቡት፣ ለሱ ሩቅ አገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይዞራል፣ ዝናቡም ያጥበዋል፣ ያኔ ይቀላል።

አፋርም ጎረቤታችን ነው። ኤርታሌ ያለማቋረጥ የሰልፈር ጋዝ ይተነፍሳል። ሰኔ 2003 ዓ.ም. ድንበሩ አጠገብ ኤርትራ ውስጥ ያለው ናብሮ ሲፈነዳ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወጣ፣ አመዱ በረራ አስተጓጉሎ ያኔ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሂላሪ ክሊንተን የአዲስ አበባ ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄደዋል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደሞ በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ደረሰ። ያን ቀን ከፍ ያለው ነፋስ ወደ ምሥራቅ ስለነበር ወደኛ አልመጣም። እሳተ ገሞራን ማንም ሕግ አያስቆመውም፣ ለዚህም ነው የሰው ሥራ የሆነውን መለየት የሚያስፈልገው።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ስለ ሰልፌት ስናወራ የማጀቱን ጭስ እንዳንረሳው። የእንጨት ጭስ ውስጥ ሰልፈር በጣም ትንሽ ነው፣ ኩበት ከእንጨት ይበልጣል ግን የሱም ጭስ በዋናነት ጥቀርሻና ያልተቃጠለ የእንጨት ዘይት ነገር ነው፣ ሰልፌት አይደለም። ግን መጠኑ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ደቃቅ ብናኝ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በአንድ ሜትር ኩብ፣ በዓመት አማካይ ከ5 እንዳይበልጥ ይመክራል። አሜሪካ ምሥራቅ ገጠር ላይ ሰልፌት ያን ሁሉ ክርክር ያስነሳው በዓመት አማካይ ከ5 ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ መስኮት በሌለው ማጀት ሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ ሲጋገር ግን በመቶዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚያልፍ ይለካል። እናቶቻችንና ጀርባቸው ላይ የታዘለው ልጅ የሚተነፍሱት እሱን ነው። ስለዚህ ጎንደር ገጠር ላይ ሰው እየገደለ ያለው ትልቁ የአየር ብክለት የቱ ነው ከተባለ መልሱ የምድጃው ጭስ ነው፣ ምርጥ ምድጃ፣ ጭስ ማውጫ፣ ጣራ ስር የተከፈተ መተንፈሻ፣ መብራት ያለበት ደሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ እነዚህ ዛሬ የሰው ዕድሜ የሚያድኑ ነገሮች ናቸው። ሰልፌት ግን ምድጃ ቀይራችሁ፣ በር ዘግታችሁ አታመልጡትም፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ጤና ላይ የሚያደርሰውን በተመለከተ ትልቁ ማስረጃ የመጣው በ1993 ከወጣው የሃርቫርድ የስድስቱ ከተሞች ጥናት ነው። ከ8,000 በላይ አዋቂዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው፣ ሲጋራውን ምኑን ሁሉ ከሂሳቡ አውጥተው ሲያዩት፣ በጣም በተበከለችው የአሜሪካ ከተማ ስቱበንቪል ይኖር የነበረ ሰው የመሞት ዕድሉ በጣም ንጹህ ከነበረችው ከትንሿ ፖርቴጅ በ26 በመቶ ይበልጥ ነበር፣ ልዩነቱ ደሞ ከደቃቅ ብናኝና ከሰልፌት ጋ ተያይዞ ሄደ። ሞቱ በብዛት የልብና የሳንባ ነው፣ የዛሬ ሳል አይደለም፣ ዓመታት እየተጠራቀመ የሚመጣ ነው። ሰልፌቱ ራሱ ነው መርዙ ወይስ አብሮት የሚመጣው ብረትና ጥቀርሻ የሚለው ላይ ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፣ አንዱ ጠንካራ ሐሳብ አሲዱ እንደ ብረትና መዳብ ያሉትን ቅንጣቶች አሟሟቶ ሰውነት ውስጥ የበለጠ ጎጂ ያደርጋቸዋል የሚል ነው። በሁለቱም መንገድ ሰልፈሩን መቀነስ ጥቅም አለው፣ ክርክሩ ያንን አይቀይረውም።

አሁን ወደ ዝናቡ ልምጣ፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰልፌት ብርሃን ይበትናል ብያለሁ፣ የፀሐይን ሙቀት ወደ ሰማይ ይመልሳል፣ ደመናውንም የበለጠ ነጭ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ምድርና ባህር ያቀዘቅዛል። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን የሰልፈር ጋዝ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ልኮ በተከታዩ ዓመት ዓለምን በ0.5 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዟል። ፋብሪካዎቹ የሚለቁት ታች ስለሚቆይ በዝናብ ቶሎ ይታጠባል፣ ግን በየቀኑ ስለሚተካ በየቀኑ ያቀዘቅዛል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ልቀት ጣሪያ የነካው በ1970ዎቹ ገደማ ነው። ያኔ ሰሜናዊው የምድር ክፍል፣ በተለይ ሰሜን አትላንቲክ፣ ከደቡቡ አንጻር ቀዘቀዘ። የኛ ክረምት የሚመጣው ደሞ የዝናቡ መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው፣ መቀነቱ ወደሚሞቀው በኩል ነው የሚሳበው፣ ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ እንደ ልቡ አይወጣም፣ ደቡብ ላይ ይቀራል። ከሴኔጋል እስከ ሱዳን፣ ጫፉ የኛ ሰሜን ደጋ ድረስ ያለው ምድር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ያለቀሰው ያኔ ነው፣ በኛ አቆጣጠር የ1966ቱና የ1977ቱ ድርቅ ማለት ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተለያዩ አገሮች ያሉ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ሞዴል ደጋግመው ሲያዩት ያ ሰልፌት ለድርቁ አስተዋጽኦ እንዳደረገ አግኝተዋል፣ ድርሻው ምን ያህል ነው፣ የባህሩ ተፈጥሯዊ መዋዠቅስ ስንቱን ወሰደ የሚለው ላይ ነው ልዩነታቸው።

ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ በ77 ሰው ያለቀው ዝናብ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፣ ጦርነቱም የመንግሥቱም አሠራር አለበት። ግን አንድ የላይ አርማጭሆ ወይ የጃናሞራ ገበሬ ሰማይ እያየ ሲጠብቅ የቀረበት ዝናብ ውስጥ የአሜሪካዋ ኦሃዮና የጀርመኑ ሩር ከሰል እጅ ሊኖርበት እንደሚችል ማን ነገረው? በጊዜው ማንም አያውቅም ነበር፣ ያኔ አለማወቁ ይገባኛል፣ አሁን ግን ይታወቃል፣ ስለ አየር ንብረት ካሳ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው፣ ይሄኛውም መነሳት አለበት ባይ ነኝ። ነገሩን የሚያወሳስበው ደሞ ሌላ ጎን አለ፣ ሰልፌት እስካሁን ከዓለም ሙቀት ወደ 0.5 ዲግሪ የሚጠጋውን ሸፍኖ ይዟል፣ አየሩን ስናጸዳ የተሸፈነው ሙቀት ይገለጣል። መልሱ ብክለቱን ማቆየት አይደለም፣ ሰልፌቱን ሲቀንሱ ካርቦኑንም አብሮ መቀነስ ነው።

አፈርን በተመለከተ ብዙ የሚደባለቅ ነገር ስላለ በአጭሩ ላጥራው። ደጋ ላይ የግብርና ባለሙያዎች አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፣ ኖራ ጨምሩ ይላሉ፣ ያ ከአሲድ ዝናብ አይደለም፣ ዋናው ምክንያት የዘመናት ዝናብ ካልሲየሙን ጠርጎት መሄዱ፣ ሰብሉና ገለባው ሁሉ ከማሳ መነሳቱና የማዳበሪያው ዓይነት ነው። እንዲያውም ሰልፈር ለሰብል ምግብ ነው፣ ገበሬው ኤንፒኤስ የሚለው ማዳበሪያ የመጨረሻው ፊደል ሰልፈር ነው፣ 7 በመቶ አለው፣ ብዙ ማሳዎቻችን ሰልፈር ስለሚያንሳቸው ነው የገባው። አውሮፓ አየሯን ስታጸዳ የጎመን ዘር ማሳዎቿ ሰልፈር አንሷቸው መቅጨጭ ጀምረው ነበር። ይሄ ብክለቱን ጥሩ አያደርገውም፣ ማሳ የሚፈልገው በልክና በቦታው የሚሰጥ ነው፣ ሳንባ ግን በምንም ልክ አይፈልገውም።

የፋሲል ግቢም ይነካዋል ወይ ለሚል፣ ግንቡ ድንጋዩ ጥቁር ባዛልት ስለሆነ ይቋቋማል፣ ድንጋዩን የያዘው ግን ኖራ ነው። ኖራ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋ ሲገናኝ ወደ ጄሶ ይቀየራል፣ ጄሶ ደሞ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ ያብጣል፣ ይረግፋል፣ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ጥቁር ቅርፊት ያወጣውና የተላጠው በዚህ ነው። ስለዚህ በግንቡ ዙሪያ የናፍጣ መኪናና ጀነሬተር እንዲርቅ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

እንደ አንድ ሰው ምን ላድርግ ለምትሉ፣ ሰልፌትን በተመለከተ ብዙ አይደለም፣ ነጠላ ወይ ሻርፕ አፍ ላይ ማድረግ ለአቧራ እንጂ ለዚህ አያስቀርም፣ ኤን 95 የሚባለው ማስክ በትክክል ከተገጠመ ያስቀራል፣ አስም ወይ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግርዶሹ በከበደበት ጠዋት ከባድ ሥራ ባይሠራ ይመረጣል። ትልቁ ሥራ ያለው ነዳጅ አስገቢው ምን ዓይነት ናፍጣ ያስገባል፣ ከሰል የሚያቃጥለው ፋብሪካ ጭሱን ያጥባል ወይ የሚለው ላይ ነው፣ እሱ የሕግና የቁጥጥር ጉዳይ ነው፣ መጠየቅ ያለብንም እዚያ ነው።

ስልክ ላይ ወደሚታየው ቁጥር ስመለስ፣ አቅራቢያው መለኪያ ጣቢያ ለሌለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ከሳተላይትና ከኮምፒውተር ሞዴል የተሰላ ግምት ነው። ለምሳሌ የአውሮፓው ኮፐርኒከስ የዓለም ሞዴል አንዱ ካሬው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ተራራውንም ቆላውንም ሐይቁንም አንድ ላይ ይጨፈልቀዋል። በዚያ ላይ ቁጥሩ አቧራ ይሁን ጭስ ይሁን ሰልፌት አይነግራችሁም። አሁን አሁን የሚሸጡት ትንንሽ ርካሽ ሴንሰሮችም ብናኙን በብርሃን ይቆጥራሉ እንጂ ምን እንደሆነ አያውቁም። ሰልፌትን ለይቶ ለማወቅ አየር በፓምፕ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ማሳለፍ፣ ወረቀቱን በውሃ አጥቦ አዮን ክሮማቶግራፊ በሚባል መሣሪያ መለካት ያስፈልጋል፣ ቢያንስ ዓመት ሙሉ፣ ክረምትም በጋም። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነው ያለነው፣ ለተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይታየኝም። አንዱን ፓምፕ ከተማ፣ ሌላውን ከምድጃና ከመንገድ ርቆ ዳባት በኩል ደጋ ላይ መትከል ነው፣ ሁለቱ ላይ የሰልፌቱ መጠን ከተቀራረበ ከሩቅ የመጣ ነው፣ ከተማው ላይ በብዙ ከበለጠ የራሳችን ናፍጣና ጎማ ነው፣ በጋ በሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ጊዜ ብቻ ሁለቱም ላይ ከጨመረ ደሞ ከቀይ ባህር በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።